ራሱን ያወጣ አለ?

ዓርብ፣ ኖቬምበር 7

ዝናብ። ነፋሱ ከወደቡ በኩል ነው፣ ጃንጥላ መያዝ ትርፉ ድካም። ስምንቱም ውሃ እያንጠባጠቡ ገቡ። እንደ ዘወትሩ ቅርጫቱን ይዤ በር ላይ ቆምኩ። "ላጲስ።" እያጉረመረሙ ጣሉ።

ይሄ ሕግ የኔ ነው፣ አልደራደርበትም። በየትምህርት ቤታቸው ሒሳቡን ከሁሉ ቀድመው ጨርሰው መስኮት መስኮት ሲያዩ የሚውሉ ልጆች ናቸው። ዓርብ ዓርብ ጠዋት እኔ ጋ የሚመጡት የሚከብድ ነገር እንዲገጥማቸው ነው። መሳሳት አልለመዱም። ሲሳሳቱ ደግሞ ሰው ሳያይ ፈቅፍቀው ያጠፉታል። እኔ ዘንድ ሰርዞ ማለፍ እንጂ ማጥፋት የለም። "ስህተት ጌጥ ነው" እላቸዋለሁ። ዱኒያ ከኋላዬ ሆና ድምፄን እያስመሰለች ትደግመዋለች፣ የማልሰማ እየመሰላት።

ዛሬ ሬንስከን ያዝኳት። ካልሲዋ ውስጥ ላጲስ... ድሮ ሮዝና ሰማያዊ የነበረች፣ አሁን አውራ ጣት የማታህል። ቀና ብላ አየችኝና "የኔ ነው እኮ" አለች።

"ቅርጫቱ ውስጥም ያንቺው ነው።"

ጣለችው። ስንወጣ ከሁሉ ቀድማ አነሳችው።

ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እጇን የምታወጣው መቶ በመቶ ስታውቅ ብቻ። ስትጽፍ ደብተሯን በክንዷ ትከልላለች። ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ አንዴም አልተሳሳተችም። ሌላ አስተማሪ ቢሆን ደስታውን አይችለውም ነበር። እኔን ምን ያስጨንቀኛል?

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 11

የፋኖስ ማታ ነው፤ ልጆች ፋኖስ ይዘው በየቤቱ ሲያንኳኩና ለከረሜላ ሲዘፍኑ አመሹ። ከኔዎቹ ቼርት ብቻ መጣ፣ ፋኖስ የሌለው። "የት ጣልከው?" "የመጀመሪያው ቤት ሳይሆን አይቀርም።" አንድ እጁ ላይ ጓንት የለም። የከረሜላ ከረጢቱን ግን አልጣለም።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 14

የሲንተርክላስ፣ የዲሴምበር አምስቱ የስጦታ በዓል፣ ዕጣ ሰሞን ነውና የዛሬው ጥያቄ ከዚያው ወጣ። ዘጠኝ ነን፣ ስምንቱ ልጆችና እኔ። የሁላችንም ስም ኮፍያ ውስጥ ይገባል፣ ሁሉም አንድ አንድ ያወጣል፣ ማን እንደደረሰው ለማንም አይናገርም። ከዚያ ለዚያ ሰው ስጦታ ገዝቶ፣ በእጁ የሠራው ነገር ውስጥ ደብቆ፣ የሚያሾፍበት ግጥም ጽፎ፣ ከታች "ሲንት" ብሎ ይፈርማል፣ በፈረስ ጣሪያ ለጣሪያ እየዞረ ስጦታ የሚያድለው ሽማግሌ የጻፈው እንዲመስል። ይሄ ሁሉ ለነሱ አዲስ አይደለም። ጣጣው ግን በየዓመቱ አንዱ የራሱን ስም ያወጣና ሁሉም ወረቀት ወደ ኮፍያው ይመለሳል። "ማንም ራሱን የማያወጣበት ዕድል ስንት ነው?" አልኳቸው።

ለሦስት ሰው በጣታቸው ቆጠሩት። ሲሶ። ለአራት ሰው በወረቀት። ከመቶ ሠላሳ ሰባት ተኩል። "እሺ፣ ሦስት መቶ ሰው ቢሆንስ?"

የሬንስከ እጅ ወጣ። መቶ በመቶ ማለት ነው።

"ግልጽ ነው። ከሦስት መቶ ወረቀት መሃል የራስሽን ማግኘት አይሆንም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ማንም ራሱን አያወጣም።"

ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እሷ ካለች አለቀ። ቼርት ብቻ ማንደሪን እየላጠ፣ "እኔ እንጃ" አለ። "ራስን ማውጣት ይከብዳል፣ ግን ሊያወጡ የሚችሉት ሰዎችም በዝተዋል። ሁለቱ የሚካካሱ ይመስለኛል። እንደኛው ነው የሚሆነው።"

ሁለት ጥቅል ካርታ አምጥተን በየተራ በወዝን፣ ከሁለቱም አንድ አንድ እያልን ገለጥን። አንድ ዓይነት ካርታ እኩል ከመጣ፣ አንድ ሰው ራሱን አወጣ እንደማለት ነው። መጣ። እንደገና መጣ። አንዳንዴ ቀረ፣ ከዚያ ደግሞ መጣ። ከዚያ ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ አሳየኋቸው... አምስት ሰው፣ ስድስት ሰው፣ ዘጠኝ ሰው። ሠላሳ ሰባት አካባቢ ይቆምና ንቅንቅ አይልም። ሦስት ሺህም ቢሆኑ ያው። ከዚህ የሚያምር ነገር እኔ አላውቅም። ቼርት ትክክል መሆኑን ልብ እንኳ አላለ፣ የማንደሪን ፍሬ እየለቀመ ነበር።

ሬንስከ እስከ ጆሮዋ ቀላች። ቦርሳዋን ዘጋች። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልወጣትም። "ጌጥ ነው" ልላት አፌ ላይ መጥቶ ነበር... ተውኩት። እንዲህ ቀልቶ ለቆመ ሰው ጌጥ ይባላል?

እሑድ፣ ኖቬምበር 16

የሬንስከ አባት ሃርም ደወለ። መርከብ ጎታች ጀልባ ላይ ነው የሚሠራው፣ ስልክም ላይ ማዕበል እንዳለ ሁሉ ይጮሃል።

"አፍከ፣ ልጅቷ ካሁን በኋላ አልመጣም ትላለች።"

"ለምን?"

"ሞኝ ስለሆነች። እሷ ናት ያለችው። እኔ በዚህ ወደብ ያልገጨሁት ምሰሶ የለም፣ ማንም ሞኝ ብሎኝ አያውቅም... ብሎኛል እንዴ? ኧረ ብሎኛል።"

እሷን አቅርብልኝ አልኩት። ስልኩን ያዘች። "እስከ ሲንተርክላስ እንኳ ነይ፤ ዕጣውን ያሰብነው ለዘጠኝ ሰው ነው" አልኳት።

"ለስምንትም ያው ሠላሳ ሰባት ነው።"

የራሴን ትምህርት መለሰችልኝ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ "ብስኩቱን ማን ይበላልሻል?" አልኩ። እሷም፣ "እሺ። እስከዚያ ብቻ። ግን አልናገርም።"

እስከ ዲሴምበር አምስት ማለት ነው። ከዚያ ትሄዳለች። አንዴ ተሳስታ፣ ያም የመጨረሻዋ ሆኖ... አንጀቴን በላችው።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 21

ምን ነካኝ?

ዕጣው ዛሬ ነበር፣ በባሌ በቮውተር የሱፍ ኮፍያ። መጀመሪያ ዱኒያ ራሷን አወጣች። "ጎበዝ፣ እንዲህ በግልጽ መናገር ነው" ብዬ አስጨበጨብኩላት። ወረቀቶቹ ተመለሱ። ሁለተኛ ቼርት ራሱን አወጣ። አሁንም ጭብጨባ። ሦስተኛ ዙር ስንደርስ ልጆቹን የሚመልሰው ሚኒባስ ጥሩንባውን ጀመረ። ጃኬታቸውን ለብሰዋል፣ ግማሾቹ ደጅ ናቸው። ወረቀቴን ገለጥ አደረግኩ።

አፍከ።

የራሴ የእጅ ጽሑፍ። "ራሱን ያወጣ አለ?" ብዬ ጠየቅኩ፣ እኔው። ስምንት ራስ ግራ ቀኝ ተወዛወዘ። የኔም ራስ አብሮ ተወዛወዘ። ጡጫዬን ጨብጬ ኪሴ ከተትኩት።

ስለ ሚኒባሱ ነው? አይደለም። ሚኒባሱ አምስት ደቂቃ ቢጠብቅ አይሞትም። አፈርኩ። ያንን ሁሉ ካስተማርኩ በኋላ፣ አስተማሪዋ ራሷ...

ሬንስከ እንደ ቃሏ አልተናገረችም። ጥግ ላይ ተቀምጣ ብቻ አየችን።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 22

ቢሆንስ? ማን ይጎዳል? ስምንቱ እርስ በርሳቸው ተዳርሰዋል፣ እኔ ለራሴ ማርዚፓን፣ የለውዝ ጣፋጩን፣ እገዛለሁ፣ ለራሴ ግጥም እጽፋለሁ። ማንም አያውቅም።

ግጥሙን ሞከርኩ። ሲንተርክላስ ሆኜ በራሴ ላይ ማሾፍ አለብኝ...

ቲቸር አፍከ ጎበዝ፣ ቲቸር አፍከ ታጋሽ፣
ዝናብ ቢዘንብ እንኳ ከሥራሽ አትቀሪም...

ቤት አይመታም፣ ሽሙጥም የለው። ቮውተር በትከሻዬ በኩል አነበበና "ማን ሞተ?" አለኝ። እንከን ስጠኝ ብለው ተመቻችቶ ተቀመጠ። እሱ እንደሚለው በሰው ፊት መታረም አልወድም። መንገድ ሲጠፋኝ ካርታው ነው የተሳሳተው እላለሁ። ባለፈው በጋ ድንኳኑን ገልብጬ ተክዬ እስከ ጠዋት "እንዲህ ነው የሚተከለው" ብያለሁ። እሱ ሊቀጥል ነበር። ይብቃህ አልኩት።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 26

ዛሬም ግጥሙ የለም። ሬንስከን ምን ብዬ እንደማስቀራትም አላውቅም። ከዱኒያ እናት ጋር ገበያ ተገናኘን፤ ዱኒያ ዕጣዋን ለማንም አልነገረችም አለችኝ። ከነገረችው ሰው ሁሉ በስተቀር።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 28

ጉድ ሆንኩ።

ልጆቹ ሲወጡ ሬንስከ ቀረች። አባቷ ሊወስዳት ስለሚመጣ ሚኒባስ አትጠብቅም። ወንበሮቹን እደረድራለሁ፣ እሷ ቦርሳዋን አዝላ ቆማለች። ሁለት ዓርብ ሙሉ ቃል ያልወጣት ልጅ፣

"ቲቸር፣ አንቺ ጋ ያለው የራስሽ ስም ነው" አለች።

ወንበሩን አስቀመጥኩት። "እንዴት አወቅሽ?"

"ዝም ስል ሰው ያለሁ አይመስለውም። ሁሉም እኔ ፊት ያወራሉ። ዱኒያ ለሦስት ሰው ነገረች። አንዱ ደግሞ ግጥሙን እየጻፈ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል።" በጣቷ መቁጠር ጀመረች። "የስምንታችንም ስም ስምንታችን እጅ ነው ያለው። የሌላ ሰው ስም አንቺ ጋ ሊኖር አይችልም። ታዲያ አንቺ ጋ ማን ቀረ?"

እንዴት ያለ ንጹሕ ማረጋገጫ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ሰሌዳ ላይ አስጽፋት ነበር።

"ልክ ነሽ" አልኩ።

"ለምን ዝም አልሽ?"

"ሚኒባሱ..."

"ሚኒባሱ ሁሌም ጥሩንባ ይነፋል።"

ቁጭ አልኩ፣ በነሱ ትንሽ ወንበር። ጉልበቴ አገጬ ሊደርስ ነው። "አፈርኩ" አልኳት። "ዱኒያና ቼርት በግልጽ ሲናገሩ አጨበጨብኩ። የኔ ተራ ሲደርስ አፈርኩ።"

ይሄን የጠበቀች አይመስለኝም። "ሁሉም ያዩሻል ብለሽ?" አለች ቀስ ብላ።

"አዎ።"

"እኔም።"

ደጅ የሃርም መኪና ደረሰ። ሬንስከ ኪሷን ፈትሻ አንድ የተጣጠፈ ወረቀት አወጣች። ቼርት ይላል። "እንለዋወጥ። እኔ አንቺን ልውሰድ፣ አንቺ ቼርትን። ያኔ ማንም ራሱ ጋ አይቀርም።"

"ቼርትን ለምን ትሰጪኛለሽ?"

"ግጥም ልጽፍለት አልቻልኩም። ስለ ጓንቱ ልጽፍ እጀምርና የሦስት መቶው ሰው ጥያቄ ትዝ ይለኛል። ያን ቀን ደግሞ ልክ የነበረው እሱ ነው።" አፍንጫዋን ሳበች። "ባንቺ ላይ መጻፍ ይቀላል።"

እንዴት ደስ ይላል። ወረቀቴን ሰጠኋት። በር ላይ ስትደርስ፣ "ለሌሎቹ ትነግሪያቸዋለሽ?" ብዬ ጠየቅኩ።

"እኔ? አንቺ የምትነግሪያቸው መስሎኝ" አለችና ሄደች።

እሑድ፣ ኖቬምበር 30

የቼርት ግጥም በአንድ ሲኒ ሻይ አለቀ። እንከኑ እንደ ማንደሪኑ ልጣጭ በየቦታው የወደቀ ልጅ ነው።

ጓንትህ ዓርብ ጠፋ፣ ኮፍያህ ቅዳሜ፣
እሑድ አንተ ብትጠፋ አልፈልግም ደክሜ።

ስጦታው ሁለት ጓንት በረጅም ክር የተያያዘ፣ በእጅጌ ውስጥ የሚያልፍ። ከካርቶን የማንደሪን ዛፍ ሠርቼ ውስጡ ደበቅኩት። ቮውተር ዛፉን ጎመን ነው ይላል።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 2

ምን ትጽፍብኝ ይሆን? ሌሊት ነቅቼ ይሄን ማሰቤ ያሳፍራል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው የፈራሁት።

አይ፣ የፈራሁትስ ዓርብን ነው። ከዓርብ በኋላ አትመጣም።

ዓርብ፣ ዲሴምበር 5

እጄ ላይ አሁንም ሮዝ ቀለም አለ።

ጠረጴዛው ላይ ዘጠኝ ነገር ተደረደረ። የጫማ ሳጥን ፈረስ፣ ጭስ ማውጫ፣ የኔ ጎመን... ዛፍ ማለቴ ነው። መሃል ላይ ደግሞ ትራስ የሚያህል ላጲስ። ግማሹ ሮዝ፣ ግማሹ ሰማያዊ፣ ወረቀት በወረቀት ላይ በሙጫ ተለጥፎ የደረቀ፣ ጠንካራ። "ለአፍከ" ይላል።

ደንቡ ደንብ ነው፣ ግጥሙ ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ ከዚያ ነው የሚከፈተው። ቼርት የራሱን አንብቦ ከወንበሩ እስኪወድቅ ሳቀ። ጓንቶቹን አደረጋቸው። ከዚያ እኔ ተነሳሁ።

ከጣሪያ ላይ ሆኜ በፈረሴ ሳልፍ፣
አየሁ አንዲት ቲቸር ላጲስ ስትዘርፍ።
"ስህተት ጌጥ ነው" ትላለች ከጠዋት እስከ ማታ፣
የሷን ግን ይዛለች በጡጫዋ ዘግታ።
ስጦታሽ ውስጡ ነው፣ ስበሪው በርትተሽ፣
የለጠፍኩበትን ወረቀት ግን አይተሽ።
ሲንት

አራተኛውን መስመር ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነበብኩት። ልጆቹ ለላጲሱ ዘረፋ እየሳቁ ነው። ዱኒያ ግን ሁሉንም ትሰማለች። "ጡጫዋ ውስጥ ምን አለ?" አለች።

ሬንስከን አየኋት። ጫማዋን ነው የምታየው። ልትነግርብኝ አልፈለገችም፣ በሩን ብቻ ከፍታልኛለች። "የዕጣው ቀን ራሴን አወጣሁ" አልኩ። "ስጠይቃችሁ እኔም ራሴን ግራ ቀኝ ወዘወዝኩ። ዋሸሁ።"

ፊቴ ሲግል ይሰማኛል፣ እስከ ጆሮዬ።

"ቲቸር፣ አጭበርባሪ ነሽ እንዴ?" አለች ዱኒያ፣ በአድናቆት።

ቼርት በአዲሱ ጓንት ራሱን አከከ። "ሦስቱንም ዙር ራሱን ያወጣ ሰው ነበር ማለት ነው። የዚያ ዕድል... አንድ አራተኛ ገደማ። አይገርምም።" ለሱ ነገሩ እዚህ ላይ አለቀ። ከዚያ ማጨብጨብ ጀመረ፣ በጓንት፣ ድምፅ በሌለው። እኔ ራሴ ያስለመድኳቸው ጭብጨባ ነው። ሌሎቹም ተከተሉ። ሬንስከ ቀና አለች። እሷም አጨበጨበች።

ከዚያ ላጲሱን ሰበርኩት። ሁለት ምት ፈጀ። ከቀለሙ ሥር የእርሳስ ጽሑፍ አለ፣ በየንብርብሩ። የሷ ነው። ያን ቀን ቤቷ ገብታ ስትሞክር የቆየችው ሁሉ... የአራት ሰው ዕጣ፣ የአምስት ሰው ዕጣ፣ የተሰረዘ፣ የተበላሸ፣ እንደገና የተጀመረ። በክንዷ ስትከልል የኖረችውን ሁሉ ቀድዳ ሙጫ ቀብታዋለች። አንድ ቁራጭ ላይ በትልቁ "ሦስት መቶ ሰው ከሆነ ማንም ራሱን አያወጣም" ይላል። አላጠፋችውም። ከሥሩ በአንድ መስመር ብቻ ተሰርዟል።

መሃሉ ላይ የስሜ የመጀመሪያ ፊደል፣ በቸኮሌት። ከሱ ሥር ደግሞ በጥጥ የተጠቀለለች ያቺ አውራ ጣት የማታህል ላጲስ።

እንባዬ መጣ። ሙጫው ነው ብዬ... አይ፣ አላልኩም። ዝም ብዬ አለቀስኩ።

ሃርም ሊወስዳት ሲመጣ ከነሙሉ ቁመቱ በር ላይ ቆሞ፣ "ቤቱ ሁሉ ሙጫ ሆኗል፣ ድመቷ ሮዝ ናት" አለ። ሬንስከ ጃኬቷን ለበሰች። ዓርብ ትመጫለሽ ወይ ብዬ ልጠይቃት ፈለግኩ። አልጠየቅኩም። እጇን አወዛወዘች፣ ወጡ።

ላጲሷን ለምን ሰጠችኝ? ካሁን በኋላ አያስፈልገኝም ማለቷ ነው። ግን የትኛው? ማጥፋት ትቻለሁ ነው፣ ወይስ አልመጣም?

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 9

ሃርም አልደወለም። እኔም አልደወልኩም። ቮውተር "ደውይላት" ይላል። ከደወልኩ ለኔ ስትል ትመጣለች። እሱን አልፈልግም።

ዓርብ፣ ዲሴምበር 12

ዝናብ። ቅርጫቱን ይዤ በር ላይ ቆምኩ። ዱኒያ ጣለች። ቼርት ኪሱን ሲፈትሽ የማንደሪን ልጣጭ ጣለ፣ አለፍኩት። ሰባት ገቡ። በሩን ይዤ ቆየሁ። ሚኒባሱ ዞሮ ሄደ። አሁንም ቆየሁ።

የሃርም መኪና ኩሬውን እየረጨ መጣ።

ሬንስከ እየሮጠች ገባች። ቅርጫቱን ዘረጋሁላት። ሁለት ባዶ እጆቿን አሳየችኝ። "የለኝም። አንቺ ጋ ነው።"

"ካልሲሽስ?"

ካልሲዋን ወደ ታች ሳበችው። እግር ብቻ።

ዛሬ እኔም መልሱን የማላውቀውን ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፣ አላውቀውም ብዬም ነገርኳቸው። ዱኒያ "እውነት ነው ወይስ እንደ ዕጣው?" አለች። እውነት ነው አልኳት። ተያዩ።

መጀመሪያ የወጣው የሬንስከ እጅ ነው። ግማሽ ድረስ።

"እርግጠኛ አይደለሁም፣ ግን..."

ተሳስታ ነበር። ቼርት ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ አሳያት። "እህ" አለች፣ አንድ መስመር ሰረዘችበትና ከሥሩ ቀጠለች። ደብተሯ በግልጽ ይታየኛል። ክንዷ አልከለለውም፣ ቼርት የሰጣትን ማንደሪን እየላጠች ነበር።